ሟች ስልክ አነሳች

ለውድ ወንድሜ፣ ለጋሼ፣

እንደምን ሰነበትክ? ወገብህስ ተሻለህ፣ ወይስ አሁንም መጋዘን ውስጥ ከካርቶን ጋር እየታገልክ ነው? ባለቤትህስ? ያቺ ጥርስ አወጣች ያልከኝ ልጅህስ መናከስ ጀመረች? እኛም ደህና ነን ብዬ ብቀጥል ደስ ባለኝ፤ እጄ ግን እምቢ አለኝ። እማዬ «በስልክ ትንፍሽ እንዳትይለት» ብላ አስምላኛለች። ስለ ደብዳቤ ያለችው ነገር ስለሌለ፣ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለጭነት መኪና ሹፌሩ እሰጠዋለሁ፤ ነገ ማታ ይደርስሃል።

የምሥራቹን ላስቀድም። ከተመረቅኩ በኋላ በውሰት ካሜራ የሠራኋት አጭር ፊልም፣ የጀማሪ ዳይሬክተሮች የመጀመሪያ ሥራዎች በሚታዩበት ፌስቲቫል ተመረጠችልኝ! ቅዳሜ ከሰዓት ትታያለች። ታሪኩ ስለ አንዲት እናት ነው፤ ብቻዋን አልጋዋ ላይ ትሞታለች፤ ሩቅ ያለው ልጇ ይደውላል፤ ስልኩ ይጮኻል፣ የሚያነሳው የለም። ተዋናይት ብፈልግ ብፈልግ አጣሁና እማዬ «መተኛት አይደል? እኔ እሞትልሻለሁ» አለችኝ።

የቀረጻው ዕለት ሳቃችንን ብታይ! እማዬ ዓይኗን ጨፍና ድርቅ ብላ ትተኛለች፤ ስልኩ ሲጮኽ ግን እጇን ከአንሶላው ሥር ልካ «ሀሎ፣ ልጄ?» ትላለች። «እማዬ፣ ሞተሻል እኮ!» ስላት «እሱ ቢሆንስ?» ብላ ተቆጣችኝ። ደግመን ደጋግመን ቀረጽን። በተነሳች ቁጥር ሬሳ እንድትመስል የተቀባችው ዱቄት ይራገፍ ነበርና ሜካፕ የምትሠራው ጓደኛዬ የእማዬን አንገት እንደገና ስትቀባ እጇ ድንገት ቆመ። «ማዘር፣ ይሄ እብጠት ምንድን ነው?» ሳቁ እዚያው ላይ ተቋረጠ።

ሐኪሙ በመርፌ ናሙና ወስዷል። ለውጤቱ ቅዳሜ ጠዋት ኑ ተብለናል። ጋሼ፣ ፈርቻለሁ። አክስታችን «በቁሟ ገነዝሻት፣ አንቺ ሟርተኛ!» ብላ ጮኸችብኝ። በሟርት አላምንም እላለሁ፤ ግን የፌስቲቫሉ ሰዎች ለማስታወቂያ የመረጡት ያንኑ አንሶላ ውስጥ ያለ የገረጣ ፊቷን ነው። አዳራሹ በር ላይ ተሰቅሏል፤ በዚያ ሳልፍ ወደ ማዶ እሻገራለሁ። ቤት ስገባ ደግሞ ከክፍሏ ድምፅ ከጠፋ በሩን ገፋ አድርጌ ደረቷ ከፍ ዝቅ ሲል ካላየሁ አላርፍም። ትናንት አላስችል ብሎኝ ፊልሙን ላስቀር ወደ አስተባባሪዋ ሄድኩ። «እስከ ነገ አስቢበት፤ ግን ለዚህች ቦታ ስንቱ ደጅ ይጠናል መሰለሽ» አለችኝ።

እማዬ ይህን ስትሰማ ከት ብላ ሳቀች። «ሞት ካሜራ እያየ የሚመጣ ቢሆን ፎቶ አንሺ የሚባል በምድር ላይ ባልቀረ! ያ ዱቄት ባይኖር እብጠቱን ማን ያየው ነበር? የተኛሁበትን ፊልም አስቀሪና ያን ጊዜ በእውነት እሞትብሻለሁ» አለችኝ። ይህን ስትል ግን አንገቷን በመዳፏ ሸፍና ነበር።

እንግዲህ ፊልሙን አላስቀረሁትም። አንተን ግን አንድ ነገር ልለምንህ። ቅዳሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዳራሹ እንወጣለን፤ ያን ጊዜ ደውልላት። የነገርኩህን እንዳታሳብቅ። ጠዋት ሐኪሙ ምንም ይበለን ምን፣ ስልኩ ሲጮኽ ቦርሳዋን ስትበረብር፣ ከዚያም «ሀሎ፣ ልጄ?» ስትል አጠገቧ ቆሜ ልስማ። ቶሎ ካላነሳች አትደንግጥ፤ ቦርሳዋ ጥልቅ ነው፤ እንደገና ደውል።

ለባለቤትህ ናፍቆቴን ንገርልኝ፤ ትንሿን ጉንጯን ሳምልኝ። አክስታችን እኔን ብታኮርፈኝም አንተን ሰላም ብላሃለች። ጓደኛዬም እጅ ትነሳለች። የእማዬን ሰላምታ ግን አልጽፍልህም፤ ቅዳሜ በራሷ አፍ ታድርስልህ።

እህትህ

ከእማዬ ሳሎን፣ ከመስኮቱ ሥር
ሐሙስ፣ ኅዳር 5