ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት

ውድ ደሞዝ፣

ደብዳቤ ሲጀመር «ለጤናህ እንደምን አለህ» ማለት ወግ ነው። እኔ ግን መጠየቁን ፈራሁት። ስለዚህ ሰላምታውን ዘልዬ በቀጥታ ልቆጣህ ነው። በትዳራችን ዘመን ሁሉ ስቆጣህ ትስቅ ነበር፤ እስቲ አሁንም ሳቅ።

ምን ነበረበት ያን ድኩላ ብትተወው? ቤት ውስጥ በቆሎ አለ፣ ዓሣ አለ፤ ሥጋ ቸግሮህ አልሄድክም። የሄድከው ለዚያ ግንድ ነው። የቀስተኞቹ ሽማግሌ ጋሽ ኡጁሉ ደጅ፣ ማንጎው ሥር ለተጋደመው ግንድ! አውራ ድኩላ በቀስት የጣለ ይቀመጥበታል፣ ያልጣለ ቆሞ ያወራል። ክላሽ የያዘ ሰው ስንት ቢገድል እዚያ አይቀመጥም፤ ወጥመድ ያጠመደም አይቀመጥም። ቀስተኛም ቢሆን፣ የድኩላው ቀንድ በጋሽ ኡጁሉ እጅ ተለክቶ ሁለት ስንዝር ካልሞላ ቦታ የለውም። አንተ ይዘህ በሄድክ ቁጥር ሽማግሌው መዳፋቸውን ዘርግተው ይለኩና፣ «ይሄ ሥጋ ነው ደሞዝ፤ ውሰድ፣ ከሚስትህ ጋር ብላ» ይሉሃል። ሰው ይስቃል። አንተም አብረህ ትስቃለህ። ቤት ስትገባ ግን ፊትህን አየው ነበር።

ጎረቤታችን ሱሩር እንኳ ስንቴ ቀለደብህ! «ክርስቲያን የገደለውን እኔ አልበላ፣ እሱ የገደለው ቀንዱ አይሞላ፤ ድኩላው በከንቱ ሞተ» ይልህ ነበር። እሱ የሚቀልደው ስለሚወድህ ነው። አንተን የበላህ ግን ሌላ ወሬ ነው፤ «የሰፋሪ ልጅ ቀስት አያውቅም» የሚለው። አባትህ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በመኪና ተጭነው መጡ እንጂ፣ አንተ እዚሁ አቦቦ ነው የተወለድከው። አኙዋክኛውን ከባለአገሩ እኩል ታወራዋለህ። ከዚህ ወዲያ ምን ብለው እንዲቆጥሩህ ፈለግክ? ሰው አገሩ ላይ ለመቆጠር ቀንድ ማምጣት አለበት?

የዚያን ቀን አብሮህ የወጣው ሱሩር እየሮጠ መጣ። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ «ሺታዬ! ሺታዬ! ዛሬ ባልሽ ግንዱ ላይ ይቀመጣል! እንዲህ ያለ አውራ አይቼ አላውቅም፤ ከብብቱ ሥር ነው የሰካበት!» አለኝ። «እሱስ?» አልኩት። «ድኩላው አልወደቀም፤ ደሙን ተከትሎ ሄዷል» አለ። የቀስተኞቹን ሕግ ታውቃለህ፤ ደሙን የሚከተለው ያቆሰለው ብቻ ነው፤ ድኩላውንም ሳያገኝ ቤቱ አይገባም። እና እኔ ምን አደረግኩ መሰለህ? እልል አልኩ። ወይ እኔ! ደጅ ወጥቼ፣ ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ እልል አልኩልህ።

ሳትመለስ ስትቀር ቀስተኞቹ ሁሉ ሊፈልጉህ ወጡ። የደሙ ጠብታ አልዌሮ ወንዝ ዳር ወሰዳቸው። ላይ አገር ዘንቦ ወንዙ ሞልቷል። ዳሩ ላይ ቀስትህና ሸሚዝህ ተቀምጠዋል፤ ሸሚዝህን አጥፈህ ነው ያስቀመጥከው አሉኝ። እኔ ቤት አንድ ቀን ልብስ አጥፈህ የማታውቅ ሰውዬ! ድኩላው ተሻገረ፣ አንተም ተከተልከው። ዋና አታውቅም እኮ ደሞዝ! አገሩ በሙሉ ወንዝ፣ ልጁ ሁሉ ውሃ ውስጥ ሲያድግ፣ አንተ ቋንቋቸውን ለምደህ ዋናቸውን ሳትለምድ ቀረህ። እንዴት አንድ ጊዜ እንኳ እኔን አላሰብከኝም?

ፖሊስ ጋ እንሂድ ብዬ ነበር። ሱሩር አንገቱን ደፍቶ፣ «አደን ክልክል ነው እህቴ። ሄደን ምን እንላለን?» አለኝ። ስለዚህ የሚፈልጉህ ቀስተኞቹ ብቻ ሆኑ። እነሱም ሕግ አላቸው፤ ደም የተከተለ ሰው ካልተመለሰ ፍለጋ አይቆምም። የሚቆመው የድኩላው ራስ የአዳኙ ደጅ ሲደርስና ቤተሰቡ «የኛ ነው» ብሎ ሲቀበል ነው። ያኔ ስሙ ማንጎው ሥር ይጠራል፣ ነገሩም ይዘጋል።

እና አገኙት። ድኩላውን።

ጆንያ ውስጥ አድርገው ደጃችን ይዘውት መጡ። ሥጋውን አሞራና ጅብ ጨርሶት ቀንድና አጥንት ነው የቀረው። ጋሽ ኡጁሉ በርከክ አሉና ለኩ። አንድ ስንዝር። ሁለት ስንዝር። ከዚያ ጣታቸውን ጨመሩ፤ አራት ጣት! የሳቀ የለም። ሽማግሌው ቀና ብለው፣ «ከማዶ ነው ያገኘን። ድኩላ አለ፣ ደሞዝ እዚያ የለም። ደሞዝ ደም ትቶ የሚሄድ ሰው አይደለም» አሉኝ። ቀጥለው ከጎድኑ የነቀሉትን ፍላጻ ሰጡኝና፣ «የማን ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

ላባው በቢጫ ክር ታስሯል። ከነጠላዬ ጥለት የተረፈውን ክር እኔው ራሴ ጠምጥሜ፣ በጥርሴ ነው የቆረጥኩልህ። ከሺህ ፍላጻ መካከል ብትጥለው ዓይኔን ጨፍኜ አወጣዋለሁ።

እናትህ እማማ ወለላ አጠገቤ ቆመዋል። ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ጫፉን ይዘው አፌን አፌን ያያሉ። አንዲት ቃል ነው የጠበቁት ሁሉም። «የኛ ነው» ብል በዚህ አገር ማንም ያላመጣውን ያመጣህ ሰው ትሆናለህ፤ እስከዛሬ የሳቁብህ ሁሉ ስምህን ቆመው ይጠሩታል። በዚያችው ቃል ደግሞ ትሞታለህ። ፍለጋው ይቆማል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ሰው ነፍስ ይማር ይለኛል።

«አላውቀውም» አልኩ። «የደሞዝ አይደለም።»

ሱሩር ፊቱን አዞረ። እናትህ ነጠላውን ለቀቁት። ጋሽ ኡጁሉ፣ «እንግዲያው ነገ እንሄዳለን» አሉ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ማን የማያውቅ አለ? ግን ሚስት አይደለም ካለች አይደለም ነው። ባለቤት የሌለውን ራስ ደግሞ አያስቀምጡትም። ወስደው አልዌሮ ጣሉት። ዕድሜህን ሙሉ የተመኘኸውን ቀንድ ውሃ ሲበላው ቆሜ አየሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰዉ አንድ አንድ እያለ ከፍለጋው ቀረ። በቆሏቸውን አረም በላው፣ ምን ያድርጉ? ሱሩርም ዓይኔን ማየት እያቃተው ቀረ። እናትህ አያናግሩኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ «ልጄን ወንዝ ወሰደው፣ ለቅሶውን ግን አንቺ ነሽ የወሰድሽብኝ» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ የወለደች እናት አልቅሳ እንዳይወጣላት የከለከልኩ ክፉ ሰው ነኝ።

አሁን የሚወጡት ጋሽ ኡጁሉ ብቻ ናቸው፤ በዚያ ዕድሜያቸው፣ በምርኩዝ። ዛሬ ከሰዓት መጡ፤ እግራቸው አብጦ ጫማ አልገባ ብሏቸዋል። «ዛሬም የለም» አሉኝ።

«ነገስ?» አልኳቸው፤ አላፍርም እኮ።

«ሺታዬ፣ እኔ ሽማግሌ ነው። አንቺ አንድ ቃል ተናገሪ፣ እኔ ቁጭ እላለሁ» አሉ። እየለመኑኝ ነበር። ውሃ ሰጠኋቸው። ጠጡ። ጣሳውን መለሱልኝ፣ ምርኩዛቸውን አነሱ፣ «እሺ፣ ነገ እሄዳለሁ» ብለው ወጡ።

በር ላይ ሆኜ ሲያነክሱ አየሁና መጥቼ ይህን መጻፍ ጀመርኩ። ያንተ ነው ደሞዜ። አውራው ያንተ ነው፤ ሁለት ስንዝር ከአራት ጣት፣ ጋሽ ኡጁሉ በገዛ እጃቸው ለክተውታል። ይህን የምነግረው ላንተ ብቻ ነው። ለእነሱ አልናገርም። ሽማግሌው መንገድ ላይ ይውደቁ፣ እናትህ ይርገሙኝ፣ አልናገርም። እኔ ካልኩት ሞተሃል።

ሚስትህ
ሺታዬ