«እሺ» ያልኩሽን ሰርዢልኝ

ይድረስ ለእታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? እማዬስ፣ ዓይኗ ተሻላት ወይ? ባልሽ፣ ልጆቹ፣ ያ ግቢውን የሚያምሰው ውሻ ሳይቀር እንዴት ናችሁ? እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እውነቴን ነው፤ ግን አንድ የደበቅኩሽ ነገር አለና ሳትቆጪ እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ።

ባለፈው በላክሽልኝ መልእክት «ክፍልህ ተቀብቷል፣ መቼ ነው የምትመጣው?» ብለሻል። የምን ክፍል ብዬ ግራ ገባኝ። ለካ ደውለሽ «ጠቅልለህ ና» ስትይኝ «እሺ» ብዬሻለሁ! እታለም፣ ጆሮዬ ከከዳኝ ዓመት አልፎታል። የወፍጮዎቹ ጩኸት ነው የጨረሰው። ስትደውይ ድምፅሽ ጉርምርም ይልብኝና ጋብ ሲል እንዳትደነግጪ «እሺ» እላለሁ። አሁን ጉርምርምታውም የለም። አፈርኩ፤ ይቅር በይኝ።

የጆሮ ሐኪም ዘንድ ሄጄ ነበር። ሴትዮዋ «ምን ይሰማሃል?» ብላ በወረቀት ጻፈችልኝ። «እሱማ አይደል ችግሩ፣ ምንም አይሰማኝም!» ብዬ ጮህኩባት። ለካ የሚያመኝን ነው የጠየቀችው። ሳቀች፣ እኔም ሳቅኩ። እውነትም ቃሉ አንድ ነው፤ ድምፅም ይሰማል፣ ቁርጥማትም ይሰማል። ከዚያ ጆሮም ጣትም የሚቀበሉት ያው ንዝረት ነው፣ ትርጉም የሚሰጠው አንጎል ነው፣ እሱ ደግሞ ይማራል ብላ ጻፈችልኝ። ይቺ ነገር ወኔ ሰጠችኝ።

አለቃዬ ግን ከወፍጮ ጥገና አንስቶ ጆንያ ሊያሰፋኝ ቆርጦ፣ ትልቁን መርፌ ሳይቀር ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦልኝ ነበር። ጠጋኝ ብልሽትን በጆሮው ነዋ የሚያውቀው! ሞቼ እገኛለሁ አልኩ። አንድ ሳምንት ብቻ ስጠኝ ብዬ ለመንኩት።

በመጀመሪያው ቀን ጉድ ሆንኩ። እጄን ወፍጮው ላይ ጥብቅ አድርጌ ስጫን ትር ትር የሚል ነገር ተሰማኝ፤ አስቆምኩት፣ ተፈታ፣ ምንም የለም። የራሴ የደም ሥር ኖሯል! አለቃዬ የአንገቱ ሥር እስኪገተር ሰደበኝ፤ ደግነቱ አልሰማሁትም። ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ ጫፍ ብቻ ዳሰስ ማድረግ ለመድኩ።

ዓርብ ዕለት አራተኛው ወፍጮ ላይ እንደ አሸዋ የሚቆረቁር ነገር አገኘሁ። አለቃዬ አዳመጠ፤ አፉ ስለማያርፍ ቱልቱላ የምንለው የሥራ ባልደረባዬም አዳመጠ። ሁለቱም ምንም የለውም ብለው እጃቸውን አወናጨፉ። እኔ ግን ፍንክች አላልኩም። ሲፈታ ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተሰንጥቆ አገኘነው። ትንሽ ቢቆይ ዘንጉንም ይዞት ይሄድ ነበር። አለቃዬ መርፌውን ከጠረጴዛዬ ላይ አንስቶ ሄደ።

ስለዚህ አልመጣም፣ እታለም። ክፍሉን ለልጆቹ ስጪልኝ። ጠልቻችሁ እንዳይመስልሽ፤ አሁን ተሸንፌ ብመጣ ከዚያ ክፍል ዳግመኛ አልወጣም፣ ራሴን አውቀዋለሁ። እዚሁ ሥራዬ ላይ እቆያለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ሆዴን ያባባዋል። ያንቺን ድምፅ ጣቴ አያገኘውም። ግን መልእክትሽን ሳነብ በድምፅሽ ነው የማነበው፤ ያ «ኧረ ተው እባክህ!» የምትይው ቁጣሽ ሳይቀር ይመጣል። ሐኪሟን ብጠይቃት አንጎል የሚያውቀውን ድምፅ ከራሱ ያወጣል ብላ ጻፈችልኝ፤ እስከ መቼ እንደሚያቆየው ግን እኔም አላውቅም አለች። እንግዲህ አትደውይልኝ፤ ሳይጠፋብኝ ቶሎ ቶሎ ጻፊልኝ። እንደምትናገሪው አድርገሽ፣ ቁጣውንም ሳታስቀሪ ጻፊው።

ለእማዬ ይህንን ጮክ ብለሽ አንብቢላትና ሳሚልኝ። ባልሽን ለቀለም ቅቡ ድካም እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ። ትልቋ ልጅሽ ትምህርቷን እንዳትተው፤ የትንሹን ጉንጭ ንከሺልኝ። አንቺ ደግሞ ለእኔ ብለሽ እንዳታለቅሺ፤ ይልቅ ተቆጪኝ።

ታናሽ ወንድምሽ

ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ካለችው ክፍሌ፣
መጋቢት ፲፬ ቀን