የይማም አልበምና የኔ ፍርድ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ዛሬም ከደሴ ወደ ሐይቅ ከተማ በሚኒባስ ታጭቀን መጣን። ሾፌሩ የይማምን አዲስ አልበም ከፍቶታል። ይማም! አብሮኝ የተማረው፣ ሐይቁ ዳር አብሮኝ ይቀመጥ የነበረው፣ ዘፋኝ ሆኜ እመለሳለሁ ብሎ አ.አ. የገባው። ይኸው ተመለሰልህ ደብተሬ፣ በስፒከር።

ሬዲዮ ጣቢያችን ላይ አዲስ አልበም የምገመግመው እኔ ነኝ። አለቃዬ ቅዳሜ የሱን አቅርቢ አለኝ። እሺ አልኩ። ምን ልበል?

የአ.አ. ገምጋሚዎች ጨርሰውለታል። አልቃሻ ነው፣ የድሮ ነው፣ አያስጨፍርም። አንዱማ በወጣ በማግስቱ ፈረደበት። ኧረ ቂጣ እንኳ ሳይገለበጥ በሰለ አይባልም!

ረቡዕ 10፣ ከሥራ በፊት

አራተኛው ዘፈን። አምባሰል። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብላ እሱን ስለምትጠብቅ ልጅ ነው። ወላሂ እኔ ነኝ! ከትምህርት ቤት ስንወጣ ቀድሜ ደርሼ እጠብቀው አልነበር? አለቀስኩ። እማዬ ምን ነካሽ አለች፤ ጉንፋን ነው አልኳት። አንገቱን ደፍቶ ሲያንጎራጉር ፊቴ ድቅን አለ። ናፈቀኝ። በጣም ናፈቀኝ። ደብተሬ፣ ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር።

ግምገማውን በአንድ ትንፋሽ ጻፍኩት። እንዲህ ያለ ድምፅ ከተሰማ ስንት ዘመኑ፣ ምናምን። የአ.አ.ዎቹ ጆሮ የላቸውም።

ሐሙስ 11፣ ከአስር ሰዓት በኋላ

እህቱን ዘሀራን ገበያ አገኘኋት። ሳመችኝ፣ አበሰረችኝ። ይማም ሊያገባ ነው። የባቲ ልጅ። ዓምና ሐይቁን ሊያሳያት አምጥቷት ነበር አሉ። እሱ ጀልባ ሊፈልግ ሲሄድ ዳር ቁጭ ብላ ጠበቀችው። የዘፈነው ለሷ ነው። ማሻአላህ አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የገዛሁትን ቲማቲም እዚያው ረስቼው መጣሁ።

ቤት ገብቼ እንደገና ከፈትኩት። ድምፁ ቀጭን። ግጥሙ ተራ። ማሲንቆውን ኪቦርድ ውጦታል። ሌላ ግምገማ ጻፍኩ፣ ከአ.አ.ዎቹ የከፋ። እጄ ሲፈጥን ብታይ!

ዓርብ 12

ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን አነበብኳቸው። አፈርኩ። ዘፈኑ እኮ ያው ነው፣ ከትናንት ወዲያም ትናንትም። በማግስቱ የፈረደው ሰውዬስ ያን ቀን ምን ገጥሞት ይሆን? ማን አኩርፎት? እሱን ስሰድብ ሰነበትኩ፣ አቦ።

ለአለቃዬ ደወልኩ። ይሄን አልበም እኔ አልፈርድም፣ ለአስቴር ስጣት አልኩት። አስቴር የሥራ ባልደረባዬ ናት፣ ይማምን አታውቀውም። አመመሽ እንዴ አለኝ። አዎ አልኩ። ውሸት አይደለም።

ቅዳሜ ከግምገማው ቀጥሎ የአድማጮች ምርጫ አለ። እንደ ሰው ሁሉ ደውዬ አራተኛውን እመርጣለሁ። ጥሩ ዘፈን ነው። መሰለኝ። ስልኩን የምታነሳው አስቴር እንደ ልማዷ ለማን ይሁንልሽ ትለኛለች። ሐይቁ ዳር ለምትጠብቀዋ ልጅ እላታለሁ። የትኛዋ ብላ ከጠየቀችኝ ግን... እንጃ፣ ደብተሬ።