ሐጃ ያላየችው ፊቴ

ጥር 9፣ ሰኞ፣ ጠዋት

ልብስ አጥቤ፣ ሰገነት ላይ አስጥቼ ወረድኩ። ጣቶቼ ደርቀዋል። ሱሪ መጭመቅ አቃተኝ። ጉንጭና አፍንጫዬ ላይ የወጣው ሽፍታም ብሷል። የፊት መሸፈኛ ኒቃቤን ቤት ውስጥም አላወልቅም። አሠሪዬ ሐጃ ሃይማኖቴን አጥብቄ፣ ለዲኔ ብዬ የተሸፈንኩ መስሏታል፤ ጎረቤት ጠርታ ማሻአላህ አስባለችልኝ። ደብተሬ፣ ምክንያቱን የምታውቂው አንቺ ብቻ ነሽ። ሽፍታውን ካየች ተላላፊ ነው ብላ ታባርረኛለች። የልጅ ልጇን የማጥበው፣ የማበላው እኔ ነኝ።

ጥር 12፣ ሐሙስ

የእረፍት ቀኔ። ሳጃና ሰፈር፣ ጓደኛዬ ዘሐራ ጋ ሄድኩ። ከወሎ ወደዚህ አገር አብረን ነው የመጣነው። የተቀመጥንበት ካፌ ወንድ ሞልቶበት ፊቴን አልገለጥኩም። የነገርኳት ስለ ጣቶቼ ብቻ ነው። አቅም አንሶሽ ነው አለች። ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በማር ለውሳ ሰጠችኝ፣ እንደ ወትሮው። የሰውነቴ መከላከያ እንዲጠነክር ካሁን በፊት የሰጠችኝንም ስውጠው ከረምኩ። ለውጥ የለም።

ጥር 17፣ ማክሰኞ፣ ከሰዓት

ገበያ ብዬ ወጥቼ ባሕሪ ሰፈር ክሊኒክ ሄድኩ። ዶ/ሯ ቀደም ብዬ የሰጠሁትን የደም ምርመራ ውጤት አየች። በሽታዬ ሉፐስ ይባላል።

ጀርም ሲገባ ቁራጩን ይዘው ለሰውነት ወታደሮች የሚያሳዩ ሴሎች አሉ አለች። ይኼ ነው ጠላታችሁ ይላሉ። የኔዎቹ የራሴን ገላ ያሳያሉ። ወታደሮቹም አምነው ይመቱኛል። አቅም አላነሳቸውም፤ ማጠንከሪያውን ተዪ፣ የሚያስፈልግሽ ማብረጃ ነው ብላ ኪኒን ጻፈች። ከፀሐይ ራቂ። ይተላለፋል ወይ ብዬ ደጋግሜ ጠየቅኳት። በፍጹም።

ሚኒባስ ውስጥ ከኒቃቤ ሥር አለቀስኩ። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንኳ አላወቀችም። አገሩ ባዳ፣ ቤቱ የሰው። አሁን ደግሞ የገዛ ገላዬም አላውቅሽም አለኝ።

ጥር 20፣ ዓርብ

ያላ፣ ቶሎ በይ፣ ምንጣፉን ሰገነት ላይ አናፍሺ አለች ሐጃ። ፀሐዩ እሳት። እንዴት እንቢ እላለሁ? ምን ብዬ? ወጣሁ። ፊቴ ይለበልበኛል።

ስወርድ ሕፃኗ ድምፄን ሰምታ እየዳኸች መጣች። ቀና ብላ ጨርቁን ስታይ ጮኻ ተመለሰች። አንጀቴን በላችው።

በቃ። ሐጃ የቀትሩን ሶላት፣ ዙህርን፣ ሰግዳ ስትነሳ እነግራታለሁ። በሽታውንም፣ የማይተላለፍ መሆኑንም። ለዲን ብዬ እንዳልተሸፈንኩም። የሚከብደኝ ይኼኛው ነው፤ ማሻአላህ ተብዬበታለሁ። ካባረረችኝ ዘሐራ ቤት ወለል ላይ አድራለሁ። ሐጃ ትቆጣ፣ ትጩህ፣ ብቻ ፊቴን እያየች ይሁን። ሰው ካየኝ ቆየ።

ሰግዳ ጨረሰች መሰለኝ፣ ትጣራለች። ኒቃቡን አውልቄ፣ ደብተሬ፣ አንቺ ላይ ጥዬው ልሄድ ነው።