ስለ ንፍፊት መድኃኒት ተመራማሪያችን ኅልፈትና ሳይፈታ ስለቀረው ጥያቄ

የተላላፊ በሽታዎች ምርምር ተቋማችን ከፍተኛ ተመራማሪ የነበሩት፣ ሁላችንም «እትዬ ጠብታ» እያልን የምንጠራቸው ባልደረባችን ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት በድንገተኛ የልብ ሕመም ከዚህ ዓለም ተለይተውናል። ሐዘናችን ጥልቅ ነው፤ ግራ መጋባታችንም እንዲሁ። ሁለቱን ለይተን ለመጻፍ ሞክረን አልሆነልንም።

ወደ ተቋሙ የመጡት ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት በመድኃኒት ቀማሚነት ነው።

በሦስተኛው ዓመት፣ በደም ሥር የሚሰጥ አንቲባዮቲክ ንፍፊት ውስጥ ወደተሸሸገ ባክቴሪያ በበቂ መጠን እንደማይደርስ አስተዋሉ። «በሽታው ጓዳ ተቀምጦ እኛ ሳሎን እንፈልገዋለን» ይሉ ነበር። ከዚያ ወዲህ መድኃኒቱን በስብ ጠብታ ሸፍነው፣ ከቆዳ ሥር ወግተው፣ ንፍፊቶችን በሚያገናኙት የሊምፍ ቧንቧዎች በኩል በቀጥታ ንፍፊት ውስጥ ለማድረስ ሲደክሙ ኖሩ። ቅጽል ስማቸውም ከዚሁ የመጣ ነው።

ዘንድሮ በበሽታው ተይዘው መድኃኒቱን የተወጉት ጥንቸሎች በሙሉ ዳኑ። ተቋሙም ለሕዝብ የሚያበስርበትን ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለፊርማ ላከላቸው። በማረፋቸው ዋዜማ፣ ሰኞ ከሰዓት፣ ሳይፈርሙ መለሱት፤ ከጎኑ በእርሳስ «ይቆየን» የሚል ብቻ ጽፈውበታል። ምክንያቱን አልነገሩንም። እኛም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ተቆጣን።

ከቀብር መልስ የላብራቶሪ ቴክኒሻናቸው ነገሩን ገለጠልን። ለማነጻጸሪያ መድኃኒት የሌለበት ባዶ የስብ ጠብታ የተወጉት ጥንቸሎችም ከሞላ ጎደል ድነው ነበር። ብልቃጥ ተቀያይሮ ይሆን? ስቡ ራሱ የሰውነትን መከላከያ ቀስቅሶ ይሆን? ብልቃጦቹን አንድ በአንድ መረመርን፤ የተቀያየረ የለም። ሦስት ጊዜ ተሰብስበን ሦስት የማይገናኝ መልስ ይዘን ወጣን።

አንዳንዶቻችን ብሥራቱ ለመታሰቢያቸው ይውጣ አልን። ፈቃድ ልንጠይቅም መምህርት ወደሆኑት ልጃቸው ቤት ሄድን። ጽሑፉን እስከ መጨረሻው አነበቡትና አጥፈው መለሱልን። «እማዬ ያልገባትን ነገር ገብቶኛል ብላ አታውቅም፤ ዛሬ እናንተ አታስብሏት» አሉን።

ስለዚህ ብሥራቱ ቀርቷል። ሙከራው በአዲስ ብልቃጥ ከመጀመሪያው ይሠራል። በተስፋ ስትጠባበቁ የነበራችሁ ሕሙማን ሆይ፣ መድኃኒቱ መቼ እንደሚደርስላችሁ፣ ይደርስም እንደሆነ፣ አናውቅም።

ለባለቤታቸው፣ ለልጃቸውና አብረዋቸው ለደከሙ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እሳቸውንም፣ «ምን አይተው ነው?» ብለን ሳንጠይቅ በመቅረታችን ይቅርታ እንለምናለን።