ታዴ ያመጣልኝ ኮራል

የካቲት 5 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ኮተቤ

ወንድሜ ታዴ ሳይሞት ከምጽዋ ያመጣልኝ ነጭ ኮራል ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ ሆነ። ሕይወት ያለው መስሎኝ ከሐዘኑ ወዲህ በማርማላታ ጠርሙስ ውሃ ውስጥ አኑሬ፣ አባባ ለጎመኑ ከሚበትነው ማዳበሪያ እቆነጥርለት ነበር። ዛሬ ለባዮሎጂ አስተማሪያችን አሳየኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ የሞተ የባሕር እንስሳ አጽም ነው! የቀለብከው ላዩ ላይ የበቀለውን አረንጓዴ አልጌ ነው» ብለው ሳቁ። «ባሕርም ውስጥ ፍሳሽና ማዳበሪያ ሲበዛ አልጌው ይፋፋና ሕይወት ያለውን ኮራል ሸፍኖ ብርሃን ይነሳዋል።»

ታዴ «ውሃው ከመጥራቱ የተነሣ የእግርህን ጥፍር ታያለህ፤ ትምህርት ሲዘጋ እወስድሃለሁ» ብሎኝ ነበር።

እማዬ «በል ፈግፍገህ እንደ ድሮው ነጭ አድርግልኝ» አለችኝ። ብሩሹን ይዤ ብቀመጥም እጄ እምቢ አለ። ታዴ ከሄደ ወዲህ እዚህ ቤት ውስጥ ያደገው ነገር ይሄ ብቻ ነው።