የእማዬ ስኳር፣ የኔ እግር

ረቡዕ፣ ጥር 13/79፣ 11 ሰዓት

መ/ር ታደለ ስሜን ከሯጮቹ ዝርዝር በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘው። ጠዋት ልክ አራት ሰዓት፣ ሜዳው ላይ፣ ሯጮቹ ሁሉ ተሰልፈው። እኔ ገና ጫማዬን እያሰርኩ ነበር። የክሊኒኩን ወረቀት ጮክ ብሎ አነበበው፦ በሽንቷ ስኳር ተገኝቷል። አለቀ። አውራጃውን ወክዬ ለክፍለ ሀገሩ ውድድር መሄዴ ቀረ። ዓመት ሙሉ በየማለዳው የጉደርን መንገድ የሮጥኩት ለዚህ ነበር።

ማስታወሻዬ፣ አላለቀስኩም። መዝግቢልኝ።

ከወንዶቹ አንዱ፦ «ሱካሬ! ነይ ሻያችን ውስጥ ግቢልን!» ሳቁ። «መጀመሪያ ድረሱብኝ» አልኳቸው። በዚህ ሜዳ ሦስት ሺህ ሜትር የቀደመችኝ ሴት የለችም። የቀደሙኝ ወንዶችም ጥቂት ናቸው።

እማዬ ሰማች። ስኳር ከያዛት ስድስት ዓመቷ ነው። «ልጄ ከኔ ወርሳው ነው» ብላ እህል አልቀመሰችም። እሷን ሳይ ትዝ አለኝ። ሰኞ ክሊኒክ ይዤ የሄድኩት ሁለት ብልቃጥ ሽንት ነው፤ የኔ ለቡድኑ ምርመራ፣ የሷ እንደየወሩ። ሁለቱም የፔኒሲሊን ብልቃጥ። አንድ ዓይነት! ተቀያይሮ ቢሆንስ?

ሐሙስ፣ ጥር 14

ከትምህርት ቀርቼ ክሊኒክ ሄድኩ። የላቦራቶሪው ኦቦ ጉተማ ተቆጡ፤ ያለ ትእዛዝ ሁለተኛ ምርመራ የለም አሉ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ለምሳ ሲወጡ እዚያው፣ ሲመለሱም እዚያው። በመጨረሻ ብልቃጥ ሰጡኝ።

ሽንቴን ሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ ላይ ጠብ ጠብ አድርገው እሳት ላይ አሞቁት። የእማዬ ሲሆን እንደ ሸክላ ይቀላል፤ አውቀዋለሁ። ትንፋሼን ያዝኩ። ሰማያዊ። ሰማያዊ ሆኖ ቀረ!

መዝገቡን ገለጡ። የኔና የእማዬ ቁጥር ተለዋውጧል። «ኢንተለ ኮ፣ ይቅርታ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። ማኅተም ያለው ወረቀት ጻፉልኝ።

ከመውጣቴ በፊት ዋናውን ጠየቅኳቸው። እኔንስ አንድ ቀን ይይዘኛል? አልዋሹኝም። እናት ካለባት ለልጅ ያሰጋል። ግን በልጅነቷ ሰውነቷን ያሠራች፣ አግብታ ወልዳም ያልተወች ሴት፣ ስኳር በቀላሉ አይደፍራትም። «ቃል አልገባልሽም። ሩጫውን ግን እንዳትለቂው።»

የሚከለክሉኝ መድኃኒቴን ነው ለካ።

ዓርብ፣ ጥር 15

መ/ር ታደለ ወረቀቱን አነበበ፣ አጠፈ፣ ኪሱ ከተተ። አሁን ባይኖርብኝም የእናቴ ደም አለብኝ አለ። «ነገ ለምትታመም ልጅ ቦታ አይባክንም፤ ደግሞ ለጤናሽ ነው።» ቦታዬን ለአልማዝ ሰጥቷል። ጓደኛዬ ናት፤ ሁሌም ከኋላዬ ትገባለች። ኦቦ ጉተማ ያሉኝን ነገርኩት። «ደግሞ ሐኪም ሆንሽ!»

ሁሉቃ ወንዝ ዳር አለቀስኩ። ይኸውና፣ ይህንንም ጻፍኩት።

ቅዳሜ፣ ጥር 16፣ ረፋድ

የመጨረሻው ልምምድ ነበር። ሳልጠራ ገባሁ። መ/ር ታደለ በፊሽካ ሊያስቆመኝ ሞክሮ አልሆነለትም። አልማዝን ግማሽ ዙር ቀደምኳት። ሰዓቴን አልያዘልኝም፤ ሜዳው ሙሉ ሰው ግን አይቷል። አልማዝ እያለከለከች መጥታ አቀፈችኝ፤ ቦታው ያንቺ ነው፣ ለዳይሬክተሩም እመሰክራለሁ አለች።

ከአጥሩ ጋ ደግሞ እማዬ! ከቤት እስከዚያ በእግሯ መጥታ። ነጠላዋን እያውለበለበች፣ «የኔ ልጅ ናት!» እያለች ለማታውቀው ሰው ሁሉ። እንዲህ ኮርቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት እኔ፣ እማዬና አልማዝ ዳይሬክተሩ ቢሮ እንገባለን። መ/ር ታደለ ኪሱ በከተተው ምትክ ኦቦ ጉተማ ሌላ ወረቀት እጽፋለሁ ብለዋል። ከእንግዲህ የእናቴ ሕመም እንደ ጥፋት ሰልፍ ፊት ሲነበብብኝ ዝም አልልም። ገና ላልያዘኝ በሽታ ዛሬ ተቀመጪ መባልን አልቀበልም። «ለጤናሽ ነው» የሚለውንም አልቀበልም።